በልክ ያልተሰፋው መጽሐፍ

ትርሲት ያን ቅዳሜ ከፋብሪካው ስትወጣ ከሥራ ተባርራ እንደሆነ አላወቀችም።

ረፋዱ ላይ ከአለቃዋ መልእክት ደርሷት ነበር። «ለትጋትሽ እናመሰግናለን፤ መልካም የዕረፍት ጊዜ» ይላል። የሰንበቱን ዕረፍት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ባለፈው ወር አጠገቧ ቆማ ብርድ ልብስ የምታጥፍ ሴት ይኸው ዓይነት መልእክት ደረሳትና ፈቃድ የተሰጣት መስሏት አንድ ሳምንት ሙሉ ቤቷ ተኛች። ስትመለስ የግቢው በር «እንኳን ደህና መጡ» አላት እንጂ አልተከፈተላትም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በእንዲህ ያለ ነገር መገረም ከቆመ ቆይቷል። ደብዳቤው፣ ዜናው፣ የሐኪም ውጤቱ፣ የስልክ ጥሪው፣ ልቦለዱ ሁሉ ማለስለስ በሚባለው ሥርዓት አልፎ፣ ለተቀባዩ ለስልሶ፣ በልኩ ተሰፍቶ ነው የሚደርሰው። የሚያማርሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ምሬታቸው ግን ለስልሶ ስለሚደርስ ብዙም አልተሰማም። ሳይለሰልስ የቀረው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚናገረው ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሰዉ ከለመደው ወዲህ ራሱ እያለሰለሰ መናገር ጀምሯል።

ትርሲት አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ባል የላትም፤ አንድ ወንድም ነበራት፣ ይትባረክ የሚባል፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሞተ። ከዚያ ወዲህ እረፍት የሚባል ነገር አታውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ብርድ ልብሱን በመዳፏ ስትፈትሽ አንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ትደግመዋለች። ቤቷ ስትገባ ምድጃው ጠፍቶ እንደሆነ፣ መስኮቱ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ደግማ ደጋግማ ታያለች። የሚያረጋጋት ንባብ ብቻ ነበር፤ እሱም የማንበቢያ ሰሌዳዋን እስክትዘጋ ድረስ።

የንባብ ማኅበሩ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ ይገናኛል። ያን ዕለት የተወያዩበት «ሰባተኛው ሐሙስ» የሚባል፣ ደራሲዋ ከሞተች ብዙ ዓመት የሆናት፣ መንፈስና ጊዜ የተቀላቀሉበት ልቦለድ ነው። ወለላ የምትባል ሴት ሐይቅ ዳር ትኖራለች። በሐይቁ ሥር ያለው መንፈስ በየሐሙሱ ወደ ኋላ ይወስዳትና ጀልባ ወደሰጠመበት ወደዚያ አንድ ጠዋት ይመልሳታል። በሄደች ቁጥር ዋጋ ያስከፍላታል፤ ከሚወዷት ሰዎች አንዱ እሷን ፈጽሞ ይረሳል። እስከዚህ ድረስ የሁሉም ሰው መጽሐፍ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ግን እያንዳንዱ አንባቢ በልኩ የተሰፋለትን ያነባል።

ስለዚህ ማኅበሩ አንድ ደንብ ነበረው፤ ምን ሆነ አይባልም፣ ምን ተሰማዎት ይባላል። ደንቡ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ሴት ስለሞተው ሰውዬ እያለቀሰች ስትናገር፣ ሌላዋ «እኔ ጋ አግብቶ ሁለት ልጅ ወልዷል» አለቻት። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ ተመልሰው አልመጡም።

«እንግዲህ መጽሐፉን ጨርሰናል» አለች ሐመልማል። ማኅበሩን የምትመራው እሷ ናት፤ ፋርማሲስት ነች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሁሉን ነገር በሰዓቱ የምትሠራ። «ማን ይጀምር? ጋሽ ማንያዘዋል፣ ምን ተሰማዎት?»

አቶ ማንያዘዋል ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞተች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

«ደስ አለኝ» አሉ።

«እሺ። እትዬ ትርሲት?»

«እኔም» አለች ትርሲት። ውሸቷን አልነበረም። በእሷ መጽሐፍ ውስጥ ወለላ በሰባተኛው ሐሙስ ጀልባውን ታስቀረዋለች፤ ጀልበኛው ጓንጉል ይተርፋል፤ ሁለቱ ዳር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ። ስታነበው እንባዋ ወርዷል። ሰሌዳውን ከዘጋች በኋላ ግን ተነስታ ምድጃውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እንደገና ምድጃውን አየች።

ንፋሱ የአዳራሹን መስተዋት ይገፋው ነበር። አዲስ የመጣው ሰው፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ የተቀመጠው፣ እጁን አወጣ። ልዑልሰገድ ይባላል፤ አናጺ ነው። መዳፉ ላይ ያለው ሙጫ ገና አልለቀቀም።

«ሰሌዳ አላመጣሁም» አለ። «ይቅርታ። ይኼን ነው ያነበብኩት።» ከቦርሳው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፈታው። መጽሐፍ ነው፤ የወረቀት፣ ጀርባው የተላጠ። ሽፋኑ ላይ «ሰባተኛው ሐሙስ» ይላል።

ሐመልማል ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። «ከየት አገኘኸው?»

«ጠባሴ አካባቢ አሮጌ ቤት ሲፈርስ፣ ከግድግዳ ቁም ሣጥን ጀርባ። ባለቤቶቹን ጠየቅኳቸው፣ ውሰደው አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ነው የፈጀብኝ። ወረቀት አያግዝህም። ያልገባህ ቃል ሲኖር አያስረዳህም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዱን ገጽ አራቴ ነው ያነበብኩት፤ አራቴም ያው ነው።»

«መታተሚያ ዓመቱ አለው?» አሉ አቶ ማንያዘዋል።

«አለው። ማለስለስ ከመምጣቱ በፊት ነው።»

ትርሲት መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ደራሲዋ ራሷ የጻፈችው ነገር፣ ለማንም ብላ ያልሰፋችው፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነው ያለው። ብትፈልግ እጇን ዘርግታ ትነካዋለች።

«መጨረሻው ምንድን ነው?» አለች።

«እትዬ፣ ደንቡ...» አለች ሐመልማል።

«ደንቡን አውቀዋለሁ።»

አቶ ማንያዘዋል ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «እኔ አልሰማም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ጀልባው ላይ ያለችው የወለላ እህት ናት። በጠዋት ስትነሳ የምትዘፍነው ነገር አለ። የኔዋም ትዘፍን ነበር። እህቷ ትተርፋለች። ይኼን አንድ ነገር ደግሞ ለምን ትወስዱብኛላችሁ?»

«ማንም አይወስድብዎትም፣ ጋሼ» አለ ልዑልሰገድ። «እኔ ሳነበው የተለየ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።»

ሽማግሌው ወጡ። የከዘራቸው ድምፅ በኮሪደሩ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ሐመልማል ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ትርሲትን አየች። «አንብበው» አለች በመጨረሻ። «እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»

ልዑልሰገድ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠ። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ በቀስታ፣ ሲሳሳት ወደ ኋላ እየተመለሰ አነበበ፤

«ወለላ ውሃው ዳር ደረሰች። የጀልባው ገመድ ገና አልተፈታም። "ጓንጉል፣ ዛሬ አትሂድ" አለችው።

"በጠዋት ተሻገርልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አላት።

"እኔ ነኝ። ጨዉ ገበያ ሳይሞላ እንዲደርስልኝ ብዬ ነው። ለጨው ብዬ።"

ጓንጉል መቅዘፊያውን አስቀምጦ ዐየት አደረጋት። "ፊትሽ አርጅቷል። ስትመጪ ስንተኛሽ ነው?"

"ሰባተኛዬ።"

"ሰባት ጊዜ ወደ እኔ መጣሽ። እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ፤ ምን አደርግልሻለሁ? ወደ ቤቴስ ስንት ጊዜ ሄድሽ? ለሚስቴ ነገርሻት?"

ወለላ ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች።

"ሩቅ አይደለም" አላት። "ሐይቁን መዞር ነው።" ገመዱን ፈታና ጀልባውን ገፋ።»

ልዑልሰገድ ገጹን ገለበጠ። «ከዚያ ወደ መንደሯ ትመለሳለች፤ የሚያውቃት የለም። እናቷ "የማን እንግዳ ነሽ?" ትላታለች። ከዚያ ሐይቁን መዞር ትጀምራለች። እዚያ ላይ ያበቃል።»

«ሄዳስ?» አለ ከበሩ በኩል ድምፅ። አቶ ማንያዘዋል ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። «ሚስቱ ምን አለቻት?»

«አልተጻፈም፣ ጋሼ።»

«እንዴት አይጻፍም? የሚቀጥለውን ገጽ እየው።»

«ባዶ ነው።»

ሽማግሌው ገብተው ተቀመጡ። «ይኼ መጽሐፍ አላለቀም» አሉ። «እኔ አንድ መሬት ለክቼ ድንበሩን ሳላስቀምጥ ብሄድ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር?»

ሐመልማል ሳቀች፤ ከዚያ አቆመች። «ጨካኝ ናት ደራሲዋ» አለች። «በእኔ መጽሐፍ መንፈሱ በመጨረሻ የወሰደውን ሁሉ ይመልስላታል። እናቷም ታስታውሳታለች። እዚህ ግን ማንም አልቀረላትም።»

«አንድ ሰው ቀርቷታል» አለ ልዑልሰገድ። «እኔ እንዲያ ነው የገባኝ። መንፈሱ የሚያስረሳው የሚወዷትን ነው። የጓንጉል ሚስት ግን ባሏ የወለላን ጨው ሊያሻግር ሄዶ ስለሞተ ትጠላታለች፤ ስለዚህ እሷን ማስረሳት አልቻለም። በዓለም ላይ ወለላን የምታውቃት ሰው የቀረችው እሷ ብቻ ናት።»

ከዚህ በኋላ ደንቡን ማንም አላስታወሰውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ተነጋገሩ። አቶ ማንያዘዋል ጓንጉል ማስጠንቀቂያ እየሰማ መሄዱን ሊቀበሉት አልቻሉም፤ ልዑልሰገድ ደግሞ የሞተ ሰው እንደሆነ ራሱ ያውቅ ነበር ብሎ ተከራከረ። ድምፃቸው ከፍ አለ። ሐመልማል ስለ ጨዉ ደጋግማ ጠየቀች፤ በእሷ መጽሐፍ ውስጥ ጨው የሚባል ነገር የለም።

በትርሲትም መጽሐፍ ውስጥ የለም። በእሷ መጽሐፍ ጓንጉልን በጠዋት የላከው አንድ ሆዳም ነጋዴ ነው፤ ወለላ ምንም አላለችውም። መጨረሻው ብቻ ሳይሆን ይኸውም ለእሷ ሲባል ከጽሑፉ ወጥቷል። ለምን ይኼ እንደወጣ ሰሌዳዋ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች።

«እኔ ወንድሜን በመጀመሪያው አውቶቡስ ና ብዬዋለሁ» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ቤት እየቀየርኩ ነበር። ቁም ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ ጫኞቹ ሳይሄዱ እንዲያግዘኝ ፈለግኩ። ከሸዋ ሮቢት ነው የሚመጣው። በንጋት ደወልኩለት፤ በሁለተኛው ልምጣ አለኝ፤ አይ፣ በመጀመሪያው ና አልኩት። ደብረ ሲና ላይ ተራራው ተንዶ አውቶቡሱን ወሰደው። ሁለተኛው በሰላም ገባ።»

ሐመልማል እጇን አፏ ላይ አደረገች። አቶ ማንያዘዋል ወደ እሷ ጎንበስ ብለው፣ «ሚስት ነበረችው?» አሉ።

«አለች። አዜብ።»

«ነግረሻታል?»

«ጽፌላታለሁ» አለች ትርሲት።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። ይትባረክ የሞተበት ያ ዓመት ማለስለስ ወደ ግል መልእክት የገባበት ዓመት ነበር።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን የቁልቁለቱን ባቡር ያዘች። አልደወለችም፤ ደውላ የምትለው ነገር ምን ሆኖ እንደሚደርስ አታውቅም። ባቡሩ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ አጠገቧ ያለው መስተዋት፣ እሱም በልኳ የተሰፋ፣ ቀስ ብሎ ጭጋግ ለበሰ። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ባልና ሚስት በራሳቸው መስተዋት ሸለቆውን እያዩ ስለ አረንጓዴው ያወራሉ። ትርሲት ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተራ መስተዋት ናት፤ ለማንም አልተሰፋችም። በእሷ በኩል የተናደውን ጎን አየች። ሣር በቅሎበታል፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ ግን ቅርጹ ከሌላው ይለያል፤ በማንኪያ የተቆረሰ ይመስላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። የበሩን እጀታ ይዛ እስኪያልፍ ድረስ አየችው።

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ከጣቢያው ወጥታ ገና ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ያዛት። የአዜብን ግቢ ሦስት ሰው ጠይቃ አገኘችው። በመረብ ጥላ ሥር ረጃጅም ቆጥ ተደርድሯል፤ ቆጡ ላይ የተቆራረጠ ማንጎ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። አዜብ ቢላዋ ይዛ ቆማለች። ወፍራለች። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል።

«እትዬ ትርሲት» አለች። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«ደህና ነሽ፣ አዜብ?»

«ደህና ነኝ። ምን ሆነሽ መጣሽ? የሞተ ሰው አለ?»

«የለም። የምነግርሽ ነገር አለኝ። በአፌ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

አዜብ በቢላዋው በርጩማ አመለከተቻት። ትርሲት ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሳች፤ ቆማ መናገር ቀለላት።

«ይትባረክን በመጀመሪያው አውቶቡስ ና ያልኩት እኔ ነኝ። ለቁም ሣጥን ብዬ። በሁለተኛው እመጣለሁ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ይቅር በዪኝ። ያኔም ጽፌልሽ ነበር፤ ምን ሆኖ እንደደረሰሽ አላውቅም።»

አዜብ ወደ ማንጎው ዞራ አንዱን ቆረጠች። ዝንቦች ከማንጎው ላይ ተነስተው ተመልሰው አረፉ።

«"ሁላችንም አዝነናል" ነው የሚለው» አለች። «"ሁላችንም አዝነናል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።" የደረሰኝ እሱ ነው። ብዙ ቀን አነበብኩት። ይቺ ሴት እንዴት ያለች ናት አልኩ። ወንድሟን ጠርታ አስገድላ፣ እንደ ሩቅ ሰው "ሁላችንም" ትለኛለች አልኩ።»

«እንዲያ አላልኩም።»

«ምን ነበር ያልሽው?»

«"እኔ ነኝ የገደልኩት" ነው ያልኩት። ሌላም አለ። መጀመሪያው እሱ ነው።»

አዜብ ቢላዋውን ቆጡ ላይ አስቀመጠችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ጠርጋም ደግማ ጠረገችው።

«ተኝቶ ነበር» አለች። «ስትደውዪ ማለቴ ነው። በሁለተኛው ሊሄድ አስቦ ነው የተኛው። ስልኩ ነው የቀሰቀሰው። ይኼን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ባትደውዪ ኖሮ አይነቃም ነበር።»

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። የሐዘን አማካሪው፣ መልእክቶቹ፣ መጻሕፍቱ ሁሉ ምንም እንዳላደረገች ነግረዋታል፤ አንዱንም አላመነችም። ይኼን ግን አመነችው። ደረቷ ላይ ከባድ ነገር ተቀመጠ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ እንደ በፊቱ አልዞረም።

«አሁን ደግሞ እኔ ልንገርሽ» አለች አዜብ። ድምጿ ዝቅ ብሏል። «ከነቃ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ይቅር፣ በሁለተኛው ልሂድ፣ ትቆጣ" አለኝ። እኔ ነኝ "እህትህ ትጠብቅሃለች፣ ተነስ" ያልኩት። ጃኬቱን አቀበልኩት። አንዱን እጅጌ እያለበስኩት በር ድረስ ገፋሁት። "ፍጠን፣ ያመልጥሃል" አልኩት። ልጄ አታውቅም። እናቴ ሳታውቅ ሞተች። ላንቺ ጽፌልሽ ነበር።»

«መቼ?»

«አራተኛው ወር ላይ። ምን ደረሰሽ?»

ትርሲት ለማስታወስ ማሰብ አላስፈለጋትም። አዜብ የላከችላትን ሁሉ በቃሏ ትይዘዋለች፤ ጥቂት ስለሆኑ። «"ይትባረክ ሁልጊዜ በልባችን ይኖራል"» አለች።

አዜብ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትርሲት ሄዳ ትከሻዋን ያዘቻት። አዜብ አልገፋቻትም፤ አላቀፈቻትምም። እንዲያ ሆነው ቆዩ፣ የማንጎው ሽታ እያፈናቸው።

«የደረሰኝ ጥቂት ነው። ስንት ጊዜ ነው የጻፍሽልኝ?» አለች ትርሲት።

«ብዙ። በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ። መልሱ ሁልጊዜ ጨዋ ሲሆንብኝ ተውኩት።»

«ታስታውሺዋለሽ?»

«እያንዳንዱን።»

«ንገሪኝ።»

«ደግ ነገር አይደለም፣ እትዬ። ስድብ አለበት። እርግማንም አለበት።»

«ይሁን። ሁሉንም ንገሪኝ።»

አዜብ ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። ሁለተኛ በርጩማ አምጥታ ከትርሲት ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ሆና ተቀመጠች።

«የመጀመሪያውን የጻፍኩት በሣልስቱ ማግስት ነው» አለች። «እንዲህ ይላል፤ ትርሲት፣ ስምሽን ስጠራው ያንገሸግሸኛል።»

«ቀጥዪ» አለቻት ትርሲት።